ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንና ከየአገሩ የተሰበሰበው ነሐስ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት ወደ አዲስ አበባ በአየር የሚመጣ የመንግሥት እንግዳ የሚወርደው በልደታ ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያው ሜዳ ተነሥቶ ነው። የውጭ አገር መሪ በሚመጣበት ቀን የክብር ዘብ ይሰለፋል፤ ከዘቡ ጎን የማርሽ ባንድ ይቆማል፤ እንግዳው ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የሁለቱ አገሮች መዝሙር ይሰማል። በሜዳው ዳር ለቆመ ሰው ሁሉ ያ መዝሙር የኢትዮጵያ ድምፅ ነበር። ዜማውን የደረሱት ሰው ግን ኢትዮጵያን ያዩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። የተወለዱባት ከተማም ወገኖቻቸውን ከሥር ነቅላ ካስወጣች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር።

እኚህ ሰው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር የደረሱ አርመናዊ ናቸው ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ለሙዚቃ ባለሙያ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። መዝሙር ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ባንድ ከሌለ ዝም እንዳለ ይኖራል። የሙሴ ኬቮርክም ትልቁ ሥራ በዚህ በኩል ይገኛል። አንድ ላይ ይሆናሉ ተብለው ያልተሠሩ ነገሮችን አገጣጥመው አንድ ድምፅ እንዲሰጡ አደረጉ።

ኬቮርክ በ1887 እ.ኤ.አ. በኦቶማን መንግሥት ግዛት በምትገኘው በአይንታብ ተወለዱ። አይንታብ ዛሬ ጋዚያንቴፕ እየተባለች የምትጠራው በደቡብ ቱርክ ያለችው ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ብዙ አርመናውያን የሚኖሩባት፣ በእጅ ጥበብና በንግድ የታወቀች ስትሆን፣ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሌጅ የከፈቱባት የትምህርት ሥፍራም ነበረች። በ1915 እ.ኤ.አ. በበጋው ወራት የከተማይቱ አርመናውያን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐለብና ወደ ሶርያ በረሃ እየተነዱ እንዲወጡ ተደረገ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የተመለሱም ነበሩ፤ ነገር ግን ፈረንሳዮች በ1921 እ.ኤ.አ. ከተማይቱን ለቀው ሲወጡ የቀሩትም ተከትለው ወጡ። የዚያ ትውልድ አርመናዊ ሙዚቀኛ ሙያውን ይዞ ከአገር ወደ አገር የሚዞር ሰው የሆነው ወዶ አይደለም።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለመጓዝ ሲነሡ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ግንኙነት ጥንታዊ ነው። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ ወገን ናቸው፤ የዴር ሡልጣን መነኮሳት በተቸገሩባቸው ዘመናትም የዕለት ምግባቸው ከአርመኖች ገዳም ይመጣ እንደ ነበር ይታወቃል። አልጋ ወራሹ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉትን ወላጅ አልባ ልጆች ያዩት በዚህ ጉብኝት ነው። ልጆቹ ከእልቂቱ የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹም በፓትርያርክ የጊሼ ዱርያን ይመራ ከነበረው ከአርመን ፓትርያርክ መንበር ፈቃድ አግኝተው አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከእነርሱ ጋር የመጡት ካህን አባ ሆቭሃኔስ ሲሞንያን ሲሆኑ፣ የሙዚቃ መምህራቸውና የባንዱ መሪ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። ሕዝቡ አርባ ልጆች አላቸው፤ በታሪክም የቀረው ይኸው ስም ነው።

አዲስ አበባ ለአርመን እንግዳ አልነበረችም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወርቅ አንጥረኞች፣ ልብስ ሰፊዎችና ነጋዴዎች ከዚያ ወገን መጥተው ተቀምጠዋል። መንገድ መዳመጫውን የእንፋሎት ሞተር ከባሕር ዳርቻ እስከ ሸዋ ያስጎተቱት ሰርኪስ ቴርዚያን ከእነርሱ አንዱ ናቸው፤ ሞተሩም የሰርኪስ ባቡር ተብሎ በሕዝብ አፍ ቀርቷል። ስለዚህ አርባዎቹ ልጆች የገቡት ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው ወዳለበት ከተማ ነበር። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የቤተ መንግሥቱ ክብር ከዚያ በፊት ድምፅ አጥቶ አያውቅም። ነጋሪት ነበረ፤ መለከት ነበረ፤ እምቢልታ ነበረ። በተለይ እምቢልታን ልብ ማለት ይገባል። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሠራም፤ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ እያዋጡ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ አንዱን ዜማ ያወጡታል። ከየቁራጩ ሙሉ ነገር የመሥራት ጥበብ ለአገሩ አዲስ አልነበረም ማለት ነው። የአውሮፓው የነሐስ መሣሪያ የገባው ከዓድዋ ድል በኋላ ሲሆን፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የማርሽ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ልከው ነበር። ቁስለኞችን ለማከም በዚያው ወራት የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ወገን መታሰቢያ በልደታ አካባቢ በደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል እስከ ዛሬ ሲኖር፣ የነሐሱ ስጦታ ግን የሚታወሰው በጥቂት ሰዎች ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከሕይወት ታሪኩ ጥቂት ወጣ ብሎ ስለ መሣሪያዎቹ መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአንድ ባንድ መሪ በዚያ ዘመን ምን እንደ ገጠመው አይገባም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የነሐስ መሣሪያ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አልነበረም። መነሻ ድምፃቸው እንኳ ይለያያል። ፈረንሳዮች በ1859 እ.ኤ.አ. ኤ የተባለውን ድምፅ በሴኮንድ 435 ንዝረት እንዲሆን በሕግ ወስነው ነበር። የእንግሊዝ የጦር ባንዶች ግን እስከዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ድረስ ወደ 452 ገደማ ከፍ አድርገው ይነፉ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት 440 በለንደን ጉባኤ የተወሰነው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት አገር የመጡ ሁለት ትራምፔቶች ጎን ለጎን ሲነፉ ከአንዱ ማስተካከያ ቱቦ ላይ ካልተጎተተ፣ ጉተታው ካልበቃም ረዘም ያለ ቱቦ ተሠርቶ ካልተተካለት በቀር ስምምነት የላቸውም። ቱቦ ሲረዝም ድምፅ ይወርዳል፤ ሲያጥር ይወጣል። የነሐስ መሣሪያ ሁሉ ሕግ ይኸው ነው።

ይህን ችግር ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ባስ ትሮምቦን ነው። ትሮምቦን ሲፈታ ሦስት ነገር ይሆናል፤ በከንፈር የሚያዘው ጽዋ መሰል አፍ፣ የሚንሸራተተው ድርብ ቱቦ፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው ሰፊው አፍ። እነዚህ ከተለያዩ መሣሪያዎች ተወስደው ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ጥሩ ባስ ትሮምቦን በዚህ መንገድ ተሠርቶ ያውቃል። ነገር ግን መጋጠምና መስማማት አንድ አይደሉም። የተለመደው ተኖር ትሮምቦን የቱቦው የውስጥ ስፋት ከ12.7 እስከ 13.9 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የዛሬው ባስ ወደ 14.3 ይደርሳል። ሰፊው አፍም ከ20 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ 24 ያድጋል። የጠበበ ተንሸራታች ከሰፊ አፍ ጋር ቢገናኝ በመገናኛው ላይ ደረጃ ይፈጠርና ድምፁ ይሰናከላል። በሁለቱ መካከል ቀስ በቀስ የሚሰፋ አንገት ተሠርቶ መበየድ አለበት። የብየዳው ቆርቆሮ ወደ ውስጥ ቢፈስ ድምፅ ያበላሻል፤ አየር ቢያሾልክ ደግሞ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች ጨርሶ አይወጡም። ሁለቱ የተንሸራታች እግሮች ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልተራራቁ እጅ ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በልኬት ብቻ አይደለም፤ እየነፉ፣ እያዳመጡ፣ እንደገና እየፈቱ ነው።

አገሮችም ባስ ትሮምቦን ሲሉ የሚያስቡት አንድ ነገር አልነበረም። ተንሸራታቹ ሰባት ማቆሚያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ቶን ያወርዳል። በቢ ፍላት የተሠራው 2.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ትሮምቦን በሰባተኛው ማቆሚያ ኢ ላይ ሲደርስ፣ ከዚያ በታች ላሉት ድምፆች መንገድ የለውም። የላይፕዚጉ መሣሪያ ሠሪ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ዛትለር በ1839 እ.ኤ.አ. በግራ እጅ አውራ ጣት የሚከፈት ቫልቭ ጨምሮ አየሩ በተጨማሪ ቱቦ እንዲዞር በማድረጉ መሣሪያው በአንድ ጣት ወደ ኤፍ ይወርዳል። እንግሊዞች ይህን ትተው በጂ የተሠራ ረጅም ትሮምቦን ይዘው ቆዩ፤ ክንድ ሰባተኛው ማቆሚያ ዘንድ ስለማይደርስ ተንሸራታቹን በእጀታ ይገፉታል። ፈረንሳዮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱንም የትሮምቦን ክፍል ለተኖር ይሰጡ ነበር። እንግዲህ የተለያዩ አገሮች ስጦታና ግዢ በአንድ መጋዘን ሲገናኙ፣ የባንዱ መሪ ኖታውን የሚጽፈው ለመሣሪያው ስም ሳይሆን በእጁ ላለው ብረት ነው። በወረቀት ላይ ባስ ትሮምቦን የተባለው ክፍል ከመሣሪያው በታች ከወረደ ወይ ወደ ላይ ይዛወራል፣ ወይ ለቱባ ይሰጣል።

ሙሴ ኬቮርክ በአዲስ አበባ የያዙት ሥራ እንዲህ ካለው ዓለም የመጣ ነው። በእጃቸው የተሰጡት ልጆችም እንደ መሣሪያዎቹ ከየቦታው የተሰበሰቡ ነበሩ። የአንዱ መንደር ከሌላው ይርቃል፤ አንድ የሚያደርጋቸው ሁሉም ቤት የሌላቸው መሆናቸው ነው። ልጅ ሆኖ ቤተሰቡን ያጣ ሰው ለሰልፍ ሲቆም ከጎኑ ያለውን መስማት እንዲለምድ ማድረግ የአንድ ወር ሥራ አይደለም፤ በነሐስ ባንድ ውስጥ ደግሞ ጎረቤቱን የማይሰማ ሰው ሁሉን ያበላሻል። አርባ ልጆች የአገሪቱ የመጀመሪያው መንግሥታዊ ባንድ ሆነው በየበዓሉ ቆሙ። ውላቸው ሲያበቃ ብዙዎቹ ወደየፊናቸው ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ቀሩ። መምህራቸው ከቀሩት ወገን ነበሩ።

ከእነርሱ ቀጥሎ ሌሎች አስተማሪዎችም መጡ። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የስዊዙ ተወላጅ አንድሬ ኒኮ የክብር ዘበኛውን ባንድ አሠለጠኑ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ኖታ ማንበብና ነሐስ መንፋት የተማሩት በዚህ ዘመን ነው። በሌሎች አገሮች አንድ ባንድ የአንድ አገር ልማድ ወርሶ ያድጋል፤ በአዲስ አበባ ግን ሩሲያ፣ አርመን፣ ስዊዝ፣ ኋላም ፖላንድና ኦስትሪያ በየተራቸው እጃቸውን አሳርፈውበታል። ይህ ለአንዳንዶች ጉድለት መስሎ ይታያል። ነገሩ ሲመረመር ግን ከአንድ ቦታ ብቻ ያልተቀዳ በመሆኑ ለአገሩ ዜማ ቦታ መተዉ አልቀረም።

የመዝሙሩ ነገር እንዲህ ነው። ግጥሙን የጻፉት የጎጃሙ ተወላጅ፣ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ሲሆኑ፣ ዜማውን ሙሴ ኬቮርክ ደረሱ። በመጀመሪያ ማርሽ ተፈሪ ይባል ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት በዓል፣ ከየአገሩ የመጡ የመንግሥታት መልእክተኞች በተሰበሰቡበት፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። የዜማው አካሄድ የአውሮፓን የመዝሙር ሥርዓት የተከተለ ነው፤ ለሰልፍ እርምጃ የሚመች፣ ጎላ ብሎ የሚጀምር፣ ትራምፔቶቹ ከላይ ሲይዙት ትሮምቦንና ቱባ ከታች መሠረት የሚጥሉለት። እንዲህ መሆኑ ሊያስወቅሰው አይገባም። በዚያ ዘመን አንድ መንግሥት በመንግሥታት ማኅበር እኩል ቆሜያለሁ ሲል ሰንደቁንና መዝሙሩን ማሳየት ነበረበት፤ ሌሎቹ የሚያውቁትም የመዝሙር ቋንቋ ይህ ብቻ ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪ የጻፈውን አማርኛ አገር የሌለው ሰው ለነሐስ ሲያስማማው ለሁለቱም ሙያ ፈተና ነው፤ ቃሉም ዜማውም ሳይሰበሩ ወጥተዋል።

ሙሴ ኬቮርክ በማርሹ ብቻ አልተወሰኑም። በ1926 ዓ.ም. የጎንደሬው ገብረ ማርያም የተባለውን ሙዚቃና ተውኔት ያጣመረ ሥራ አቀረቡ። ቴአትር ገና በጀማሪነት ደረጃ ላይ በነበረበት ጊዜ ይህ ደፋር እርምጃ ነው። ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የሚነሣው የሙያ ጥያቄ እስከ ዛሬም አላረጀም፤ ለኢትዮጵያ ዜማ ባሱ ምን ይንፋ?

ጥያቄው እንዲህ ነው። የአገሩ ዜማ አምስት ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ትዝታን በሜጀር መልኩ ከሲ ብንጀምር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ኤፍና ቢ የሉበትም። የአውሮፓ ስምምነት ግን ዋና ምሰሶዎቹን የሚያቆመው በእነዚሁ በጎደሉት ድምፆች ነው፤ ጂ ላይ የሚቆመው ኮርድ ያለ ቢ፣ ኤፍ ላይ የሚቆመውም ያለ ኤፍ አይሆንም። ባሱ እንደ አውሮፓው ልማድ ከተራመደ ዜማው የማያውቀውን ድምፅ ያስገባና ትዝታነቱን ያጠፋዋል። ዝም ካለ ደግሞ ባንዱ እግር የለውም። በበገና የምናውቀው ወፍራም ድምፅ አለ፤ እርሱ ግን ብቻውን የሚጸልይ እንጂ ሌላውን የሚሸከም አይደለም። የቀረው መንገድ በአምስተኛና በስምንተኛ መደገፍ፣ ወይም ባሱን ራሱን የቻለ ሁለተኛ ዜማ አድርጎ በዚያው በአምስቱ ድምፅ ውስጥ ማስኬድ ነው። ከዚህም ሌላ የመቃኛ ነገር አለ። ድምፃዊውና ክራሩ የሚይዙት እርከን ሁልጊዜ በፒያኖው ግማሽ ቶን ላይ አይወድቅም፤ በአንቺ ሆዬና በአምባሰል ይህ ጎልቶ ይሰማል። ቫልቭ ያለው መሣሪያ የተሠራለትን ልክ ይዞ ይቆማል፤ ከንፈር ጥቂት ብቻ ያስለውጠዋል። ከነሐሶቹ ሁሉ ድምፃዊው ወደ ቆመበት ነጥብ በትክክል ሊጠጋ የሚችለው ማቆሚያው በክንድ እንጂ በብረት ያልተወሰነው ትሮምቦን ነው። በማርሽ ባንድ መሠረት እንዲጥል ብቻ የተቀመጠው መሣሪያ ለአገሩ ዜማ ከሁሉ የቀረበ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ሲይዝ መዝሙሩ በአደባባይ የማይነፋ ሆነ። ሕዝቡ ግን ያውቀው ነበር፤ የማይነፋ መዝሙር ደግሞ ይበልጥ ይታወሳል። በዚሁ አስቸጋሪ ዘመን፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ፣ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ነርሲስ በ1915 እ.ኤ.አ. በዚያው በአይንታብ ተወልደው በሐለብ ያደጉ ናቸው፤ የልደታቸው ዓመት የከተማይቱ አርመናውያን የተነዱበት ዓመት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ መዝሙሩ ተመለሰ፤ ባንዶችም እንደገና ተቋቋሙ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች የየራሳቸው አለቃና የየራሳቸው መልክ እየያዙ አደጉ። ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር የሠሩትም በዚህ ጊዜ ነው።

ነርሲስ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መርተው፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ይህ ቴአትር ከልደታ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። አጎታቸው የማርሽ ባንዱን ከመሠረቱበት ጊዜ አንሥቶ ሳይፈታ የቆየውን የባስ ጥያቄ ነርሲስ በጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት። የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለሳክስፎን፣ ለትራምፔትና ለትሮምቦን ከፋፍለው፣ ዜማው ማንነቱን ሳያጣ ብዙ ድምፅ እንዲይዝ አድርገው ማቀነባበራቸው እስከ ዛሬ የሚመሰገኑበት ሥራ ነው። ነገር ግን ነርሲስ ያገኟቸው ኖታ የሚያነቡና ሰልፍ የለመዱ ነፊዎች ነበሩ። አርባ ልጆች አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ እንዲህ ያሉ ሰዎች በከተማይቱ አልነበሩም። ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲጻፍ የቴአትር ቤቱ ዘመን ብቻ እንደ መነሻ መቆጠሩ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1963 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዐረፉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህችው ከተማ የተመሠረተውና የአህጉሩ መሪዎች የመጡት በዚያው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ እንግዳ የሚወርደው በቦሌ ነበር፤ የልደታ ሜዳ ከመንግሥት አቀባበል ዐርፏል፤ መዝሙሩ ግን ያው የእሳቸው ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሌላ መዝሙር ተተካ፤ የአዲሱን ዜማ የደረሱት ዳንኤል ዮሐንስ ናቸው። ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1977 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። በባንዶቹ መጋዘን የተጠራቀሙት አሮጌ ነሐሶች፣ ተንሸራታቻቸው ከአንዱ፣ ሰፊው አፋቸው ከሌላው እየተወሰደ፣ ለአዳዲስ ተማሪዎች መለማመጃ መሆን የሚችሉበት ዘመን ከዚያም በኋላ አላበቃም።